በሳምንቱ የሚጠፋ ትእዛዝ

የኦዲት ሪፖርቱ ላይ እኔን የምትመለከት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «የአስቸኳይ ጊዜ አካውንት የይለፍ ቃል ባልተፈቀደ የመልእክት መተግበሪያ በአይቲ ሠራተኛ ተሰራጭቷል» ትላለች። ስም አልተጠቀሰም። ግን የአይቲ ሠራተኛው ማን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። እስከ ዛሬ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ «እስቲ አንድ ፓስዎርድ ልቀቅልን» የሚሉኝ አሉ።

ነገሩን ያመጣው አለቃችን የሄዱበት የኮምፕላያንስ፣ ማለትም የደንብ ማክበር ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ስለ ቅጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ጄፒ ሞርጋን የተባለውን ትልቅ ባንክ 200 ሚሊዮን ዶላር ቀጡት፤ ሠራተኞቹ የሥራ ጉዳይ በግል ስልካቸው፣ በዋትስአፕ ጭምር ሲጻጻፉ ስለከረሙ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ተራው የሌሎቹ የዎል ስትሪት ትልልቅ ድርጅቶች ሆነ። የዚያ ዙር ቅጣት ሲደመር ከ1.8 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። አለቃችን እንደተመለሱ ሰበሰቡንና ስላይዶቹን አንድ በአንድ አሳዩን። ቁጥሩ በጣም አስደንግጧቸዋል።

ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ግን መልእክቶቹ ውስጥ ክፉ ነገር ስለተገኘ አይደለም። ስላልተቀመጡ ነው። ደንቡ የሥራ ግንኙነት ተመዝግቦ ይቀመጥ ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ድርጅቱ ሊደርስበት በማይችል የግል ስልክ ላይ ነበሩ። በነገራችን ላይ የጄፒ ሞርጋኑ ውሳኔ፣ ደንቡን ያስከብራሉ የተባሉት ኃላፊዎች ራሳቸው በግል ስልካቸው ይጻጻፉ እንደነበር ይናገራል። አለቃችን ያቺን ስላይድ ቶሎ አለፏት።

እሳቸው የገባቸው ሌላ ነው፦ የተጻፈ ነገር ያስቀጣል። በማግስቱ የክፍላችን ግሩፕ ላይ መልእክት በሳምንቱ በራሱ እንዲጠፋ አደረጉ። ከዚያ ግሩፑን ለሥራ መጠቀም ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በኢሜይል አወጡ። ማንም አላነበበውም። ስለዚህ ማስታወቂያው ፎቶ ተነስቶ ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም አውራ ጣት ሰጠነውና ሥራችንን እዚያው ቀጠልን።

አንድ ቀን መግቢያው ወደቀ። ኢሜይሉ፣ የተፈቀደው ቻት፣ የቲኬት ሲስተሙ፣ የፓስዎርድ ማስቀመጫው፣ ሁሉም የሚከፈቱት በአንድ መግቢያ ነው። ምቹ ነው፤ ሠራተኛው አንድ ፓስዎርድ ብቻ ይይዛል። ሲወድቅ ግን የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ገደማ ሲጠፋም እንዲሁ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ችግሩን የሚጠግኑባቸው የውስጥ መሣሪያዎች አብረው ወድቀዋል። ያኔ እኛ ክፍል ውስጥ በደንብ ተስቆ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀው የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አለ። ካዝናው እኔ ጋ ነው። የሚያስገባው ባልደረባዬ ደግሞ ሰርቨሮቹ ያሉበት ሌላ ሕንፃ ነው ያለው። በስልክ አነበብኩለት። ረጅም ነው፣ ምልክትና ቁጥር የተደባለቀበት። «ኦ ነው ዜሮ?» ይላል። «ትልቁ ኦ» እላለሁ። «ትልቁ ኦና ዜሮ እኮ አንድ ናቸው!» ይላል። አንዴ ተሳሳተ። ደግሞ ተሳሳተ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተሳሳተ አካውንቱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባበት የለም።

አለቃችን ግሩፑ ላይ ጻፉ፦ «እዚህ ጣልለት።»

«እዚህ ላይ?» አልኩ።

«ሌላ የት አለ?»

እውነታቸውን ነው፤ ሌላ አልነበረም። ለጠፍኩት። ወዲያው ገባ፤ ሲስተሙም ተነሳ። ግሩፑ በጭብጨባ ተሞላ። የይለፍ ቃሉን በዚያው ዕለት ቀየርነው፤ አዲሱን አሽገን ካዝና ውስጥ አስገባን። ምሳ እንኳ ሳያልፍብን ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር።

ኦዲተሯ የመጣችው መልእክቶቹ ከጠፉ በኋላ ነው። ረጋ ያለች ሰው ናት፤ ድምጿን ከፍ አታደርግም። አለቃዬ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«የይለፍ ቃሉ እዚያ እንዲለጠፍ ያዘዘው ማነው?»

«አለቃዬ» አልኩ።

«የት ላይ ነው ያዘዙት?»

«እዚያው ግሩፑ ላይ።»

«ሊያሳዩኝ ይችላሉ?»

ስልኬን ከፈትኩ። ግሩፑ ላይ ያለው አንድ የልደት ምኞትና «ቻርጀሬን ያየ አለ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው።

አለቃዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ የይለፍ ቃሉ ይድረሰው አልኩ እንጂ በዚያ ይድረሰው አላልኩም» አሉ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳኘኳት አልነግራችሁም። ውሸት ናት ብሎ ለመማል እንኳ አትመችም። በደንብ የተሠራች ናት።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። በዕለቱ የሆነውን በየሰዓቱ ጽፌአለሁ፤ «በአለቃ ትእዛዝ ግሩፕ ላይ ተለጠፈ» የሚልም አለበት። ኦዲተሯ አየችው። «ጽሑፉ የማን ነው?» «የእኔ።» «ሌላ የፈረመበት ሰው አለ?» የለም። ደብተሩን ቀስ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ማስታወሻ መያዙ ግን ጥሩ ልማድ ነው» አሉ አለቃዬ። አመሰገኑኝ!

በኦዲተሯ አልተቀየምኩም። ዓለም ሁሉ የሚሄደው በእሷ መንገድ ነው። ዶራ የሚሉት የአውሮፓ ሕግ ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በእሱ ሥር ያለ የፋይናንስ ድርጅት አንድ ብልሽት ከባድ ነው ብሎ ከመደበ በአራት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ካወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ የመጀመሪያ ሪፖርት ማስገባት አለበት። ሲስተሙ መነሳቱ ብቻ አይበቃም። ማን መቼ ምን ወሰነ፣ የት ተጻፈ ይባላል። ስንወጣ ኮሪደር ላይ «ሲስተሙን ማዳናችሁን አልካድኩም፤ ቅጹ ላይ ግን ለእሱ ቦታ የለውም» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

የሚገርመኝ የአለቃዬ ነገር ነው። የዚያን ሁሉ ቢሊዮን ትምህርት ገልብጠው ወሰዱት፤ ተገልብጦም ጠቀማቸው። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሚታዘዘኝን ሁሉ ስክሪንሾት አነሳለሁ። ስልኬ በመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ተሞልቷል። የግል ስልክ ነው። ያ ሥልጠና ላይ አይሆንም የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ግን አላቆምም።

ኦዲቱ በሰጠው ምክር መሠረት ለአደጋ ጊዜ የሚሆን ይፋዊ የመልእክት መተግበሪያ ተገዛ። ሁሉንም ይመዘግባል፣ ምንም አይጠፋበትም። የሙከራ ሊንኩ ሲደርሰኝ ከፈትኩት። የሚያስገባው በዚያው በተለመደው መግቢያ ነው። ለአለቃዬ በኢሜይል ጻፍኩ፦ መግቢያው ሲወድቅ ይሄ እንዴት ይከፈታል?

ወዲያው ደወሉልኝ። «አየሁት፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ግን በጽሑፍ ባታደርገው ጥሩ ነበር።»