ሎጋሪዝም ማቃለል እንዴት እንደገባኝ

ሎጋሪዝም ላይ ብዙ ጊዜ ተቸግሬያለሁ፣ ህጎቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ ግን ጥያቄው ሲመጣ ከየቱ እንደምጀምር ግራ ይገባኝ ነበር። የገባኝ ሎግ እኮ ኤክስፖነንት (ፓወር) ነው ብዬ ማየት ስጀምር ነው። ሎግ 8 በቤዝ 2 ሲባል 2 በስንት ፓወር ከፍ ቢል 8 ይሆናል ነው ጥያቄው፣ መልሱ 3፣ በቃ። ቤዛቸው ተመሳሳይ የሆኑ ነገሮች ሲባዙ ደግሞ ኤክስፖነንታቸው ይደመራል አይደል፣ ለዛ ነው የብዜት ሎግ ወደ መደመር የሚቀየረው። ስኮትላንዳዊው የሒሳብ ሰው ኔፒር እንኳን በ1614 እ.ኤ.አ ሎጋሪዝምን ይዞ የመጣው ትልልቅ ቁጥር ለሚያባዙ ሰዎች ድካም ለመቀነስ ነው፣ ይሄን ሳውቅ ህጉን ወደድኩት።

አሁን ይቺን እዩ፦

2 ሎግ 6 − ሎግ 9 + ሎግ 25 (ቤዙ 10 ነው)

መጀመሪያ ስሰራት 2ን ከ6 ጋር አባዝቼ ሎግ 12 አልኩ። ስህተት! ፊት ያለው 2 ወደ ላይ ወጥቶ ፓወር ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሎግ 36። ሁሌም ፊት ያሉትን ቁጥሮች መጀመሪያ ወደ ላይ ማውጣት ነው፣ ሳይወጡ ማዋሃድ ያሳስታል። ከዛ ሎግ 36 − ሎግ 9 + ሎግ 25 ይቀራል፣ እዚህ ጋ ደግሞ 25ንም ከ9 ጋር ታች አስገብቼው አውቃለሁ፣ ግን ማይነሱ የ9 ብቻ ነው። 36 ለ9 ሲካፈል 4፣ 4 በ25 100፣ ሎግ 100 ደግሞ 2። ያ ሁሉ ነገር 2 ሆኖ ሲወጣ ደስ ይላል በእውነት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን የድምር ሎግ ላይ ነው፣ ሎግ (100 + 100) ሎግ 100 + ሎግ 100 አይደለም። ሎግ 200 2.301 ገደማ ነው፣ ሁለቱን ሎጎች ብትደምሩ ግን 4 ይመጣል። አንድ ህግ ስትጠራጠሩ እንዲህ ቀላል ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩት።

ፈተና ላይ ደግሞ ሎግ ኤክስ + ሎግ (ኤክስ − 3) = 1 መጥቶ፣ 1 ማለት ሎግ 10 ስለሆነ ኤክስ ስኩዌር − 3ኤክስ = 10 አድርጌ 5 እና −2 አገኘሁና ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ማርክ ተቀነሰብኝ፣ ምክንያቱም የኔጌቲቭ ቁጥር ሎግ እዚህ አይሰራም። አሁን ምንም ሳልነካ ጥግ ላይ "ኤክስ ከ3 ይበልጣል" ብዬ ጽፌ ነው የምጀምረው።