በ20 የፈረሰው ኬክ

ጥር ነበር፣ ሠርግ የሚበዛበት ወር። ትምህርት ቤት ለሴሚስተር እረፍት ስለተዘጋ፣ ጅማ ያለው የእህቴ ኬክ ቤት ውስጥ ሂሳብ እየተቀበልኩ አግዛታለሁ። መደበኛ ሥራዬ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ማስተማር ነው። አሳፋሪው ነገር እሱ ነው።

ባለሦስት ፎቅ ኬክ ወደ ጅሬን በኩል መሄድ ነበረበት። የሚያደርስልን ባለባጃጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ወለሉ ላይ ካርቶን አነጠፍንና ኬኩን አስቀመጥን። "እንዳትፈጥን፤ ከ20 እንዳታልፍ!" አልኩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከነኬኩ ተመልሶ መጣ። ላይኛው ፎቅ በጎኑ ተንሸራቷል። ክሬሙ ካርቶኑ ላይ ተለጥፏል። የፕላስቲኩ ሙሽራ በአፍንጫው ተተክሏል። እህቴ ራሷን ያዘች። እኔ ጮህኩበት።

"ስንት ነበር የምትነዳው?"

"እናቴን፣ ቲቸር! ከ20 አላለፍኩም።"

አላመንኩትም። የመላኪያው እንዳይከፈለው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

እህቴ ኬኩን ልታድን ጓዳ ገባች። እኔ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞላሁና "ና፣ አሳየኝ" ብዬው ባጃጁ ላይ ወጣሁ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ በእግሮቼ መሃል አስቀመጥኩት።

ቀጥታው አስፋልት ላይ 40 አስነዳሁት። ውሃው ትንሽ ከመንቀጥቀጥ በቀር ጸጥ ብሏል። መንገድ ላይ መሆኑንም የሚያውቅ አይመስልም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ልጁ ወደ 20 አውርዶ ታጠፈ። ቆጣሪው 20 ላይ ፍንክች አላለም። ውሃው ግን በአንድ ጎን ተነስቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ያወጡት አይደል? 'ስፒዱ ያልተለወጠ ነገር አክስለሬሽን ሊኖረው ይችላል፣ እውነት ወይም ሐሰት'? ሐሰት ብዬ ነው የቀነሱብኝ።"

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

ቆጣሪው የሚያሳየው ስፒድ ነው፤ በምን ያህል እንደምንሄድ ብቻ። ቬሎሲቲ ወዴት የሚለውንም ይጨምራል። ባጃጁ ሲታጠፍ 20ው ያው 20 ነው፤ አቅጣጫው ግን በየቅጽበቱ ይለወጣል። ስለዚህ ቬሎሲቲው ተለውጧል፣ ቬሎሲቲ ከተለወጠ ደግሞ አክስለሬሽን አለ፤ አክስለሬሽን ማለት ቬሎሲቲ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ኬክ የሚያፈርሰው እሱ ነው። እኔ ግን ሦስቱንም "ፍጥነት" በሚል አንድ ከረጢት ከትቼ ልጁን ላክሁት።

እዚያው ካርቶን ላይ አሰላሁት። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5.6 ሜትር ገደማ ነው። የመታጠፊያውን ሬዲየስ በዓይኔ 8 ሜትር ገመትኩ። 5.6ን በራሱ አባዝቶ ለ8 ማካፈል ነው፤ 3.9 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል። የመሬት ስበት 9.8 ነውና 40 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የትኛው ክሬም ነው በጎኑ ይህን የሚችለው? በ10 ቢታጠፍ ግን ግማሽ ሳይሆን ሩብ ይሆናል፣ 1 እንኳ አይሞላም።

ፍሬኑም ያው ነው። በ20 እየሄደ በአንድ ሰከንድ ቀጥ ቢል 5.6 ነው፤ ከመታጠፊያው ይብሳል። ቀስ አድርጎ በ4 ሰከንድ ቢያቆም 1.4 ብቻ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። ኬኩ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ሄዷል። አማካይ ስፒዱ 12 ነው። አማካይ ቬሎሲቲው ግን ዜሮ፤ የተነሳበት ነዋ የተመለሰው። ይህን ለእህቴ ስነግራት፣ ክሬም የምትቀባበትን ቢላ እንደያዘች "አንተ ሂድና ሂሳብህን ተቀበል" አለችኝ።

ወደ ማታ የተጠገነውን ኬክ ይዘን ሦስታችንም ሄድን። ልጁ መታጠፊያ ሳይደርስ ገና ከሩቅ እያበረደ፣ ሰፋ አድርጎ በ10 ይዞራል። ቀጥታው ላይ ሲደርስ ደግሞ በዝግታ እየጨመረ 35 ይገባል። እህቴ ትጮሃለች። ኬኩ ደህና ደረሰ፤ ሙሽራው ብቻ ትንሽ ዘመም ብሏል። የመላኪያውን የሁለቱንም ጉዞ ከፈልኩት።

እህቴ ዛሬም ኬክ ስትልክ "ከ20 እንዳታልፍ" ትለዋለች። "እሺ" ይላል። ከዚያ እኔን ያየኛል።