ክፍል ሲታደስ ወጪው የሚያብጠው የት ነው?

የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ሲንር ብዙ ሰው የሚያሰላው ቀለሙን ብቻ ነው። እሱ ቀላል ነው፦ 4 በ3 የሆነ፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል ግድግዳው 35 ካሬ፤ በርና መስኮት ሲቀነስ 31 ገደማ። ሊትሩ 10 ካሬ ከሸፈነ ለሁለት እጅ ቅብ ከ6 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። አዲስ ስቱኮ (የግድግዳ ማለስለሻ) ቀለም ስለሚመጥ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ ቅብ፣ አትዝለሉ።

ኪስ የሚያራቁተው የብርድ መከላከያው ነው። 50 ሚሊ ሜትር ፋይበር (እንደ ጥጥ ያለ መከላከያ) በ12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም ቦርድ ሲሸፈን ግድግዳው ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይመጣል። ያኔ ሶኬቱም ዞኮሎውም (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ይነሳል፣ ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፤ ይሄ ደግሞ በመጀመሪያው ስሌት ውስጥ እምብዛም አይገባም። ፋይበሩን ጠቅጥቆ ማስገባት ኪሳራ ነው፤ ብርዱን የሚከላከለው በውስጡ ተይዞ የሚቀረው አየር ነውና። ግድግዳው እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ ውሃው የሚገባበት ይደፈን፣ አለዚያ ሻጋታ ከጀርባው ይበቅላል። ገንዘብ ካጠረ የበርና የመስኮት ክፍተት በጎማና በሲሊኮን መዝጋት ይቅደም።