ዕቃ የጠበቀውም ይካፈላል

ማተሚያ ቤታችን ያንን ትልቅ የመማሪያ መጽሐፍ ጨረታ ያሸነፈ ጊዜ የሆነው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የገንዘቡ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዳዊትን ስም የተጠቀሙበት መንገድ ነው።

ተፎካካሪያችን በማሽንም በካፒታልም በብዙ እጥፍ የሚበልጠን ድርጅት ነበር። ሥራ አስኪያጃችን በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። ሰው ማነሳሳት ይችልበታል። በየስብሰባው «እኛ ዳዊት ነን፣ እነሱ ጎልያድ» ማለት ጀመረ። ንግግሩ ሠራተኛው ልብ ውስጥ ገባ። የማሽን ክፍል ልጆች ትልቁን ኦፍሴት ሲያስነሱ «ወንጭፉን አዙረው!» ይባባሉ ነበር።

እኔ ዲዛይን ክፍል ነኝ። «ለግድግዳ የሚሆን ዳዊት ሥራልኝ» ብሎ ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ማይክል አንጄሎ የቀረጸው የፍሎረንሱ ሐውልት ነው። እኔ ሁለት አማራጭ አዘጋጀሁ። አንዱ የላከው ነው፣ ከደረቱ በላይ ብቻ ቆርጬ። ሌላው በጥንት የብራና መዝሙረ ዳዊቶቻችን ላይ በሚሣለው ዓይነት የሠራሁት ነው። ዘውድ ደፍቶ፣ ዐሥር አውታር ያለውን በገናውን ታቅፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የተቀመጠው ዳዊት። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን አይቶ «ይሄማ ያስተኛል፣ ድል አድራጊውን ነው የምፈልገው» አለኝ። ሐውልቱ ታተመ፣ መግቢያው ላይ ተሰቀለ።

ያንን ምስል ስሠራ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሐውልቱ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጎልያድ ቁመት ስድስት ክንድ ከስንዝር ነው። ወደ ሜትር ሲመለስ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። የፍሎረንሱ ዳዊት እንግዲህ ጎልያድን ቁልቁል ነው የሚያየው። እ.ኤ.አ. በ1504 ተጠናቅቆ የቆመውም በከተማዋ የመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ነው። ባለሥልጣኖቹ «ትንሽ ነን ግን አንደፈርም» የሚል መልእክት እንዲያስተላልፍላቸው ፈልገዋል። እኛም ጋ ቢሆን ነገሥታቱ የዘር ሐረጋቸውን በሰሎሞን በኩል ከዳዊት ይመዙ ነበር። በ1923ቱም በ1948ቱም ሕገ መንግሥት ላይ ሰፍሯል። በስሙ የነገሡም አሉ። ወንበር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዳዊትን ይወደዋል። ግን የሚወደው ያችን አንዲት የወንጭፍ ቀን ነው።

ጨረታውን አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው የገደለን። ፕሌቱ፣ ሕትመቱ፣ እጥፋቱ፣ ጥረዛው ሌሊትም ቀንም ቀጠለ። ጥራዝ ክፍል ያሉት ሴቶች ሙጫው ጣታቸውን ልጦት ነበር የሚሠሩት። አንድ ሌሊት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ርክክብ የሚጠብቁ የመጽሐፍ እሽጎች ግቢው ውስጥ በፓሌት ተደርድረው ነበር። የጥበቃው አባባ ብቻቸውን ሸራ ጎትተው አለበሷቸው፣ ጠርዙን በድንጋይ አስያዙ። ጠዋት ስንደርስ እሳቸው ከራስ እስከ እግር በስብሰዋል። መጽሐፉ ደረቅ ነው።

አባባ ጥበቃ የሚሠሩት በኤጀንሲ በኩል ነው። ከካፖርታቸው ሥር በቆዳ ማኅደር የተያዘች ዳዊት አለቻቸው። ልጅ ሆነው የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመዋል። ማታ ፈረቃ ሲረከቡ በሩ ላይ ባለው አምፖል ሥር ቆመው የዕለቱን ይደግማሉ። ዐሥር ዐሥሩን መዝሙር አንድ ንጉሥ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ሰው ሲገባ ጣታቸውን ያቋረጡበት መስመር ላይ ያደርጋሉ፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ተመልሰው ይቀጥላሉ።

ርክክቡ በሰዓቱ አለቀ። ግቢ ውስጥ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። ቦነስ እንዳለ ተናገረ፤ የሚከፈለው ግን ጨረታውን ላዘጋጀው ቡድንና ለሽያጭ ክፍል ነው። «ግንባር ላይ የተዋጉት እነሱ ናቸው» አለ። ጥራዝ ክፍሎች አንገታቸውን ደፉ። ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም።

ከበሩ በኩል አባባ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልበል?» አሉ።

«ይበሉ አባባ።»

«ዳዊት ነን ሲሉ ስሰማ ከረምኩ። ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ራሱ በዚህ ነገር ፈርዶበታል እኮ።»

«በየትኛው ነገር?»

«በድርሻ ነገር። አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሴቱንም ልጁንም ማርከው ሄዱ። ዳዊት 600 ሰው ይዞ ተከተላቸው። ቦሦር ወንዝ ሲደርሱ 200ው ደከሙ፣ መሻገር አቃታቸው። ከዕቃው ጋር ቀሩ። ዳዊት በቀሩት ሄዶ ድል አደረገ፣ ሁሉን አስመለሰ። ሲመለሱ አንዳንዶቹ 'አብረውን ስላልሄዱ ከምርኮው አንሰጣቸውም' አሉ። መጽሐፉ እነዚያን ክፉዎችና ምናምንቴዎች ነው የሚላቸው። ዳዊት ግን ሰልፍ የወረደውም ዕቃ የጠበቀውም እኩል ይካፈላል አለ። ሥርዓት አድርጎ አቆመው።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አባባ፣ ያ ጦርነት ነው። ይሄ ቢዝነስ ነው።»

«ጨረታው ጊዜ ጦርነት ነው ሲሉን አልነበረም እንዴ?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የቁጣ ምልክት የለባቸውም። እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁት። ከጥራዝ ክፍል አንዷ «እውነት ነው» አለች፤ ከዚያ ሌላዋ ደገመችው። ሥራ አስኪያጁ «እናየዋለን» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የሳሙኤልን መጽሐፍ ከምዕራፍ 17 ጀምሬ አነበብኩ። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ታሪክ ጎልያድ ሲወድቅ ያልቅ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን ገና መጀመሩ ነው። ጎልያድን ለሚገድል ሰው ሀብት፣ የንጉሥ ልጅና ለአባቱ ቤት ከግብር ነፃ መሆን ተብሎ ነበር። ሳኦል ታላቂቱን ልጁን ሜሮብን እሰጥሃለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ ጊዜው ሲደርስ ለሌላ ዳራት። ዳዊት በገና እየደረደረለት ሳለም ጦር ወረወረበት። ዳዊት ቃል ተገብቶለት የተከለከለ ሰው ነው። ቦሦር ላይ የፈረደውን የፈረደው ይህን ሁሉ ቀምሶ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ትልቅነቱ ከድንጋዩ ይልቅ እዚያ ነው። ከነገሠ በኋላም ክፉ በደል ሠርቷል፤ የሰው ሚስት ወስዷል፣ ባሏን አስገድሏል። ነቢዩ ናታን መጥቶ ያንድ ድሃን አንዲት በግ ታሪክ ሲነግረው ግን ዙፋን ላይ ሆኖ «በድያለሁ» ብሏል። መዝሙር 50ን እያለቀሱ የሚደግሙ እናቶች የሚያውቁት ይህን ዳዊት ነው። ያስተኛል የተባለው ባለ በገናው ማለት ነው።

በሳምንቱ አዲስ ዝርዝር ተለጠፈ። ጥራዝ ክፍል ገብቷል። ማሽን ክፍል ገብቷል። እኛም ገብተናል። መጠኑ እኩል አይደለም፣ ግን ገብተናል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ማድረጉን አከብርለታለሁ፤ ብዙ አለቃ አያደርገውም።

የአባባ ስም የለም።

የሰው ኃይል ክፍል ሄጄ ጠየቅሁ። «እሳቸው የኤጀንሲ ናቸው፣ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም» ተባልኩ። ያ ሸራ የለበሰው መጽሐፍ የማን ነበር? ቢረጥብ ቅጣቱን የሚከፍለው ኤጀንሲው ነበር? ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት፤ «በጽሑፍ አቅርብ» አለችኝ። አቀረብኩ። ከሥሩ ከዲዛይን፣ ከጥራዝና ከማሽን ክፍል ያለን ሁሉ ፈረምንበት። በደብዳቤው ላይ ምዕራፉንና ቁጥሩን ጻፍኩ፦ 1ኛ ሳሙኤል 30፥24።

ለአባባ ነገርኳቸው። «ተው ልጄ፣ ለእኔ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት» አሉኝ። አውቃለሁ። ለዚህም ነው ደብዳቤውን ያልተውኩት። እስካሁን መልስ አልመጣም። ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ እጠይቃለሁ።