ካላቃጠለ መች ያጸዳል

ዛሬ ድብርት ቢጤ ተጫጭኖኛል። ሰበብ የለውም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች እንኳን የት እንደገቡ እንጃ። ቱሉ ዲምቱ እንዲህ ጭር ሲል ከፈጣን መንገዱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። እንዲህ ሲለኝ መድኃኒቴ ማጽዳት ነው። ቤቱ ግን ትናንት ጸድቷል። የቀረው የጋሼ የመስታወት ቤት ነው።

ወንድሜ እንደ ልማዱ መስክ ወጥቷል። እባቡን ለኔ ትቶ፣ የማቆያ ፈቃዱን በፍሬም ከዲግሪው ጎን ሰቅሎ። እባቡን «ጋሼ» ያልናቸው ስለማይቸኩሉ ነው። አንዴ ጋሼ ካልን ደግሞ አንተ ማለቱ ከበደን።

መጀመሪያ እሳቸውን ማውጣት ነው። በልተው ከሆነ ሁለት ቀን ያህል አይነኩም፤ የዋጡትን አይጥ መልሰው ሊተፉት ይችላሉ። ዓይናቸው ደፍርሶ ሰማያዊ ቢጤ ከሆነም አይነኩም። ቆዳ ሊቀይሩ ነው ማለት ነው፤ ያኔ በደንብ ስለማያዩ ይነጫነጫሉ። ዛሬ ሁለቱም የለም። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይነሱልኝ» ብዬ በሁለት እጄ ደገፍ አድርጌ ወደ ፕላስቲክ ሳጥኑ አዛወርኳቸው። ክዳኑ የሚቆለፍ፣ በጋለ ምስማር የተበሳሳ ሳጥን ነው። ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት። ጭንቅላታቸው ካለፈ ሌላው አካላቸው ተከትሎ ይወጣል።

ከዚያ መስታወቱ። የውሃ ጠብታ በደረቀበት ሁሉ ነጭ ነጥብ አለ፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚቀረው ያው ነጭ ነገር ነው። ጥግ ላይ ደግሞ የጋሼ ሽንት። የእባብ ሽንት እንደኛ ውሃ ብቻ ሆኖ አይወርድም። አብዛኛው ነጭ ጠጣር ነው፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይለጠፋል። ለሁለቱም አቼቶ። እኩል በእኩል በውሃ አቅጥኜ፣ ጨርቅ ነክሬ ለጠፍ አድርጌበት ትንሽ እጠብቃለሁ። አልለቅም ላለው ምላጭ አለ፤ ጋደም አድርጎ መግፋት ነው። ነጩ ቀጭን ሆኖ እየተላጠ ሲነሳ ደስ ይላል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ በአሮጌ ከነቴራ ማድረቅ። ሽታው ጥርግ ብሎ ሳይጠፋ ጋሼ አይመለሱም። ባልዲውም ኩሽና አይገባም። እንደሳቸው ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ ይዘው ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ እጅም በሳሙና ነው።

ሱቅ ያለው የመስታወት ፈሳሽ ክልክል ነው፤ አሞኒያ ሊኖረው ይችላል። ጥድ ጥድ የሚሸተው የወለል ማጽጃም እንዲሁ። በረኪና የሚፈቀደው ጀርም ለመግደል ብቻ ነው፤ አንድ እጅ ለ30 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ታጥቦ፣ እንደገና ታጥቦ፣ አየር ገብቶበት። ከአቼቶ ጋር ግን በፍጹም! ወንድሜ ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ሳጥኑ ጎን ለጥፎታል፣ ደርቦ አስምሮበታል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። (ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የረጨብን ሌላ ነው፣ የሰናፍጭ ጋዝ። ክሎሪን ከዚያ በፊት በ1907 ዓ.ም. በቤልጂየም ግንባር ወታደር ላይ ተለቋል።)

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጋሼ ሳንባ ነው። በአብዛኛው እባብ በደንብ የሚሠራው ቀኙ ብቻ ነው፤ ግራው ኮስሶ ቀርቷል ወይም ጭራሽ የለም። ድያፍራም የሚባለው ጡንቻም ስለሌላቸው እንደኛ ስለው አክታ ማውጣት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ትንፋሻቸውን እናደምጣለን። አፍንጫቸው ላይ አረፋ ታየ ወይ? አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ ወይ?

እንግዲህ ምላጩን እንደያዝኩ እትዬ ትዝ አሉኝ።

መሥሪያ ቤት ፎቃችንን የሚያጸዱት እትዬ። ሽንት ቤቱን ሲያጸዱ በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ይደባልቁታል። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው ይገቡና በሩን ይዘጋሉ፣ ሽታው እኛን እንዳይረብሽ። ሲወጡ ዓይናቸው ፍም ነው። አንዴ «እትዬ፣ አያቃጥልዎትም?» ብላቸው «ካላቃጠለ መች ያጸዳል፣ የኔ ልጅ!» ብለው ሳቁ።

እውነት አላቸው ደግሞ፣ ያደግነው እንዲያ ነው። የበዓል ዋዜማ እናቴ ቤቱን በበረኪና ካላጠነችው ጸዳ አንልም ነበር። ገና በሩን ስንከፍት ዓይናችን እንባ ካላቀረረ ምኑን በዓል ሆነ?

እትዬ ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ ይስላሉ። ሳላቸውን ሰምተን «መጡ» እንባባላለን፣ የሚጠጣ ሻይ ያለው ይጠጣል። አለቃችን «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ይሞክሩ» ይሏቸዋል። ቀይ እስክሪብቶ ያነሳ ሰው የለም። አንድ ሳንባ ላለውና መሳል ለማይችለው ትንፋሽ ይደመጣል፤ ሁለት ሳንባ ይዞ ሌት ተቀን ለሚስለው ዝንጅብል። ይህ ነገር ሲገባኝ ድብርቱ ወደ ንዴት ዞረ። ንዴት ይሻላል፣ ቢያንስ ያንቀሳቅሳል።

ሰኞ ልነግራቸው ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለቱን አይደባልቁ፣ በአንዱ ብቻ ያጽዱ፣ በሩንም ክፍት ይተዉት። ግን እትዬ በዋዛ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም። «ማን ነገረሽ?» ይሉኛል። ምን ልበል? ባለፈው ጥበቃው አጥር ሥር እባብ ገደለ ሲባል ጠበል ካልተረጨ በዚያ በኩል አላልፍም ያሉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲያ የውሃ ጎማ ተጋድሞ ሲያዩም ይጮሃሉ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔ ከእባብ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አድራለሁ፣ ሽንታቸውን በምላጭ እፍቃለሁ ብላቸው የበረኪናው ነገር ይረሳና የኔን ስኒ የሚነካ ይጠፋል።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሲስቅ ቆይቶ «ወረቀቱን ገንጥለሽ ውሰጂና ሽንት ቤቱ በር ላይ ለጥፊው» አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሄጄ ገነጠልኩት። ለካ ከላይ በትልቁ «ለጋሼ ጤንነት ሲባል» ብሎ ጽፎበታል። ፎቃችን ላይ ደግሞ ጋሼ የማይባል ሽማግሌ የለም፣ አለቃችንን ጨምሮ። የትኛው ጋሼ ናቸው ሲሉኝ ማንን ልጥራ?