ጥላዋን በግራ እጄ

የቀኝ ጡቴ ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምናውም ኬሞውም አለፉና ጨረሩ ቀረ። ባለሙያው ደረቴ ላይ በማርከር መስመር አሰመረና «እትዬ፣ ይቺ መስመር እንዳትጠፋ፤ በውሃ አይሹት» አለኝ። እኔ ደግሞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ልጠመቅ ቆርጬ ነበር። የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ሕክምናውም የእግዚአብሔር ነው፤ እስክትጨርሺ ጠጪው» አሉኝ። 25 ቀን ጨረር፣ 25 ቀን ጸበል ጠጣሁ። ቆዳዬ ጠቆረ፣ ተላጠ፣ ዳነ። እሱን ቀድመው ነግረውኛል።

ያልነገሩኝ ከስምንት ወር በኋላ መጣ። ጡቴ ቀላ። አንድ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ሰጠኝ፤ ወይ ፍንክች! ቀጥሎ ቆዳው ደደረ። መሐሉ ነጥቶ እንደ ሰም ያብለጨልጫል፣ ዳር ዳሩ ሐምራዊ ነው። በጣቴ ስጫነው አይገባም። ጡቴ ከመኮማተሩ የተነሳ የጡት መያዣዬ ግማሹ ባዶ ቀረ። ተመልሶብኛል አልኩ በልቤ። ለባሌም አልነገርኩት።

ከቆዳዬ ለምርመራ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ የለም። አንድ ሌሊት ሥዕሏ ፊት ተንበርክኬ «ኪዳነ ምሕረት፣ ቆዳዬ እንዲሁ ይቅር፣ ብቻ ካንሰር አይሁን፤ ጥላ አገባልሻለሁ» አልኩ። እንደ መርካቶ ነጋዴ ተከራከርኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሐኪሟ ወረቀቱን አንብባ «ካንሰር የለም» አለች። ደግመሽ ንገሪኝ አልኳት። ሞርፊያ ይባላል አለችኝ፤ ለጡት ካንሰር ጨረር ከወሰዱ 500 ሴቶች አንዷን ቢያገኛት ነው። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ኮላጅን የሚባለው ቆዳን የሚያጠነክር ነገር ከልክ በላይ እየተመረተ ቆዳውን ያደድረዋል። ኢንፌክሽን ወይም የተመለሰ ካንሰር ስለሚመስል ሐኪምንም ያሳስታል፤ የሚለየው ናሙና ነው። እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ናሙና ይወሰድልኝ በሉ፣ አትፍሩ።

የሚቀባ ስቴሮይድና በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ሜቶትሬክሴት ጀመርኩ። ቅላቱ ጠፋ። ድድርናው ግን ብዙም አልለቀቀኝም። ፍጹም ድኛለሁ ብዬ ብመሰክር እዋሻለሁ። የለመንኩት እሱን አልነበረም፤ የለመንኩትን ግን በአማላጅነቷ ልጇ ሰጠኝ።

የካቲት 16 ጥላዋን ይዤ ሄድኩ። ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ አልነሳ ስላለኝ በግራዬ ያዝኩት። ይከብዳል ለካ! የማላውቃቸው አንዲት እናት ከኋላ መጥተው ዘንጉን ደገፉልኝና እልልታቸውን አቀለጡት።