«አልተባበረችም»

ተጋላጭ ሕፃናትንና ቤተሰቦቻቸውን የሚደግፍ አንድ ድርጅት ሥራውን እንድገመግምለት ጠይቆኝ ነበር። አገልግሎቱ የቤት ለቤት ጉብኝት፣ የምክር ድጋፍና የልጆች የትምህርት እገዛ ነው። ያነጋገርናቸው ቤተሰቦች አመሰገኑ፤ እያለቀሱ ያመሰገኑም ነበሩ። የሪፖርቱን ረቂቅ ስጽፍ እኔም ልቤ ሞልቶ ነበር።

ከማስረከቤ በፊት የተመዘገቡትን ቤተሰቦች ካነጋገርናቸው ጋር ላመሳክር መዝገብ ቤት ገባሁ። የተዘጉት ፋይሎች ለብቻቸው ተደርድረዋል። ለቃለ መጠይቅ የተሰጠኝ የስም ዝርዝር በአገልግሎት ላይ ያሉትን ብቻ የያዘ ነበር፤ «የቀሩትስ የት አሉ?» ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። የመዝጊያው ቅጽ ያለው ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፦ «ድጋፉን ጨረሰ»፣ «አካባቢ ለቀቀ»፣ «አልተባበረም»። በብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ያረፈው ሦስተኛው ላይ ነው።

ድርጅቱ ደውሎ ፈቃዳቸውን እንዲጠይቅልኝ አደረግሁ። እሺ ካሉት መካከል ቤቷ የተቀበለችኝን አንዲት እናት አልረሳትም። ፋይሏ «ሦስት ቀጠሮ አከታትላ ቀርታለች፤ አልተባበረችም» ይላል።

«ተመልከቺ እህቴ» አለችኝ፣ «ሦስቱም ቀጠሮ ሥራ ላይ በምሆንበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ ሥራው የለም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ የምትመጣው ልጅ ጥሩ ሰው ናት። ግን ልጆቼ ይወሰዱ አይወሰዱ የሚለውን ሪፖርት የምትጽፈውም እሷ ናት ሲሉኝ፣ ያቺን ደብተር ባወጣች ቁጥር አፌ ይተሳሰራል። ስልኩንም ማንሳት ተውኩ።»

ልቤ ደነገጠ። ከቀደሙት ቃለ መጠይቆች አንዳንዶቹን ያደረግነው ቤተሰቡን የምትጎበኘው ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ድጋፍ ሠራተኛ) እዚያው ተቀምጣ ሳለች ነበር። እነዚያ ምስጋናዎች ሐሰት ናቸው አልልም፤ ግን የትኛው ከልብ እንደመጣና የትኛው ከፍርሃት እንደመጣ መለየት አልችልም።

ልጇ በር ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ልወጣ ስል «የሒሳብ ትምህርት የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። እኔ ምን አድርጌ ነው የቀረችው?» አለኝ። ፋይሉን አስታወስኩ። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ እሱ የተናገረው ግን አንዲት መስመር የለችም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ በረቂቄ መግቢያ ላይ ጠቅሼው ነበር።

ያን ሌሊት ረቂቁን ተውኩትና የካምብሪጅ ሶመርቪል ጥናትን ደግሜ አነበብኩ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1939 የተጀመረ፣ ወንድ ልጆች ወንጀል ውስጥ እንዳይገቡ ለማገዝ የታሰበ ፕሮግራም ነው። 506 ልጆች ጥንድ ጥንድ ተደርገው ግማሾቹ ለዓመታት ምክርና ድጋፍ አገኙ፣ ግማሾቹ አላገኙም። ተመራማሪዋ ጆአን ማኮርድ ከ30 ዓመት በኋላ አፈላልጋ ስታጠናቸው፣ ድጋፍ ካገኙት ብዙዎቹ «ጠቅሞናል» አሉ። መዝገቦች ሲመረመሩ ግን የተረዱት በበርካታ መለኪያዎች ካልተረዱት የባሱ ሆነው ተገኙ። እርካታን መጠየቅ ያስፈልጋል። የልጁ ሕይወት ተለወጠ ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አይሆንም፤ የረኩትን ብቻ መርጦ መጠየቅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው።

የድርጅቱን የውጤት ስሌት በአገልግሎት ላይ ካሉት ሳይሆን መጀመሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ጀምሬ እንደ አዲስ ሠራሁት። ውጤቱ በጣም ወረደ። ሥራ አስኪያጁ «ለጋሾቹ ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?» አሉ። ተገቢ ሥጋት ነው፤ ገንዘቡ ቢቋረጥ የሚጎዱት እነዚያው ልጆች ናቸው። ቢሆንም ቁጥሩን አልቀየርኩትም።

ጉዳዩን በተነጋገርንበት ስብሰባ የዚያች እናት ሶሻል ወርከር የግል ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። «ማታ ብትመጪልኝ ትላለች፤ የሥራ ሰዓታችን አይፈቅድም» የሚል በእጇ ጽሑፍ ነበረበት። ለአለቃዋ ነግራ ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ይህን የምታሰፍርበት ቦታ የለም። ስንት ነገር በሠራተኞች የግል ደብተር ውስጥ ቀርቶ ይሆን?

ቅጹ ተቀየረ። «አልተባበረም» ወጥቶ «ግንኙነቱ የተቋረጠበት ምክንያት» እና «ምክንያቱን የተናገረው ማን ነው?» የሚሉ ሁለት መስመሮች ገቡ። በሳምንት ሁለት ምሽት ጉብኝት ተፈቀደ። ስለ ቤተሰቦቹ ሪፖርት የመጻፉ ሥራ ከምትደግፋቸው ሠራተኛ እጅ ይውጣ የሚለው ምክሬ ግን የሰው ኃይል የለንም ተብሎ ታልፏል፤ አሁንም አልተስማማሁበትም።

ሶሻል ወርከሯ በመጀመሪያው የምሽት ጉብኝቷ ወደዚያ ቤት ሄደች። ደብተሯን ቢሮ ትታ ነው የሄደችው። መጀመሪያ ያነጋገረችው ልጁን ነበር፤ የቀረችው በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችው።